ከወገዳው ወፍጮ የተፈቱት ብሎኖች

ጡረታ ማንም አላወጣኝም፤ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። የፍሬም መቁረጫ ማሽናችን በእግር የሚረገጥ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በቀኝ እግሬ ስረግጠው ኖሬ፣ ባለፈው ክረምት ጉልበቴ በቃኝ አለ። የሐኪም ቤቱን ደረጃ አጋምሼ ስቆም ነርሷ ክንዴን ይዛ እያወጣችኝ፣ "እማማ፣ ሥራዎ ምን ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሥዕልና ፎቶ ፍሬም ውስጥ አስገባ ነበር" አልኳት። "ደስ ይላል፤ ቀላል ሥራ ነው" አለች። አልፈረድኩባትም። ፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩት ከጀርባው ያን ያህል ብረት ያለ አይመስልም።

ስሜ እንጉዳይ ነው። የተወለድኩትም የሠራሁትም እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ማሽኑን አሁን ሥራውን ያስተማርኳት የአርብ ገበያዋ ትዕግሥት ወስዳዋለች። አይሱዙ ላይ ሲጭኑት ቆሜ አየሁ። አራት ወንዶች ተሸክመውት ላባቸው ጠብ ሲል ሳይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከዚህ ብረት ጋር እንዴት እንደኖርኩ መለስ ብዬ አሰብኩ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሳላስበው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቤት ቁጭ ብያለሁ። እናቴ የወንድሜን የሠርግ ፎቶ ከፍሬም ቤት አምጪ ብላ ላከችኝ። ፍሬም ቤቱ የአያ ደምሴ ነበር። አያ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ቡናማ ካፖርት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ፎቶውን ሲሰጡኝ መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አየሁና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። አሻራው ግን ከውስጥ በኩል ነበር።

"ከውስጥ ነው" አልኳቸው።

አያ ደምሴ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ፍሬሙን ፈቱት፣ መስታወቱን አወጡና ከንጹሕ ጨርቅ ጋር ሰጡኝ። "እንግዲህ አንቺው ጥረጊው" አሉ። ጠረግኩት። መልሰው ገጥመው ሲጨርሱ፣ "ነገ ሥራ ከሌለሽ ነይ" አሉኝ። በማግሥቱ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ የሄድኩበት ሌላ ሥራ የለም።

ክፍያዬ እንደ ገበያው ነበር። ፈቃድ ማሳደሱንም ግብሩንም እሳቸው ስለሚጨርሱት የወረቀቱን ነገር ያኔ አላውቀውም። እኔ የተማርኩት ሥራውን ነው። መጀመሪያ መስታወት። መቁረጫዋን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከር አድርጎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ መሳብ ነው። ድምፁ ሐር ሲቀደድ ከመሰለ መስታወቱ በመስመሩ ይለያል፤ ከተንኮሻኮሸ ግን የት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ። ቀጥሎ ጀርባውን ፋየዚት በሚባለው ስስ የእንጨት ሰሌዳ መድፈን፣ ምስማሩን እንጨቱን ሳይሰነጥቅ ማስገባት። ማዕዘን መግጠም የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አያ ደምሴ የተገጠመውን ማዕዘን ወደ በሩ ከፍ አድርገው ያዩታል። ብርሃን ካሳለፈ መልሰው እጄ ላይ ያስቀምጡታል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ፎቶ ይዞ ሲመጣ ልኩን ከመውሰዳቸው በፊት፣ "ማን ይባላሉ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ፎቶው ላይ ስላለው ሰው ማለታቸው ነው። ስሙን ሲነግሯቸው አንድ ጊዜ ለራሳቸው ይደግሙታል። አንዳንዱ ደንበኛ ግራ ይገባዋል፤ አብዛኛው ግን ቁጭ ብሎ ስለ ሰውዬው ያወራል። በተለይ የሞተ ሰው ፎቶ ከሆነ ወሬው ይረዝማል። እሳቸውም እየሠሩ ይሰማሉ። እንዴት ይህን ልማድ እንደያዙ ጠይቄያቸው፣ "ማን እንደሆነ ሳላውቅ ፊቱን ስነካ ይከብደኛል" አሉኝ።

ሌላው ልማዳቸው ብሎን ነው። መንገድ ላይ የወደቀ ብሎን አይተው አያልፉም። አውቶቡስ ተራ ይሁን፣ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ይሁን፣ ጎንበስ ብለው ያነሱና በጣታቸው ጥርሱን ይዳብሳሉ። ሱቁ ውስጥ በባዶ የቲማቲም ጣሳ እየለዩ ያስቀምጡት ነበር፤ ቀጭኑን ለብቻ፣ ወፍራሙን ለብቻ፣ ብሎን የሚታሰርበትን ዳዶ ለብቻ። ማሽን ሲፈቱ የወጣውን ብሎን ሁሉ በወጣበት ቀዳዳ ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። ሲመልሱ በዶሮ ላባ ዘይት ይቀቡታል። "በጣትሽ ዞሮ የማይገባ ብሎን፣ የዚያ ቀዳዳ ብሎን አይደለም" ይሉኝ ነበር። ቁልፍ የሚያነሱት ብሎኑ በጣት ገብቶ ካለቀ በኋላ ለማጥበቅ ብቻ ነው።

ማሽኑን የገዙት አዲስ አበባ ሱቁን ከዘጋ አንድ ሽማግሌ ነው። መቀመጫው ጊዛ ከሚሉት ወፍራም ብረት የፈሰሰ ሆኖ፣ ከላይ ሁለት ቢላዎች እንደ ጎጆ ጣራ ተጋጥመው ይቆማሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ቢላዎቹ ይወርዱና እንጨቱን ግራና ቀኝ አስተካክለው ይቆርጡታል። መብራት አይፈልግም። በዚያን ጊዜ መብራት መጣ ሄደ ስለነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ችግር ነበረበት፤ የእንግሊዝ ሥራ ነው። አገሩ ላይ የሚሸጠው ብሎን ሁሉ በሚሊ ሲሆን የሱ በኢንች ነው። ውፍረቱ ተመሳሳይ ቢመስልም ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ ስለሆነ አይገጥምም። አብረውት የመጡት ብሎኖች እስካሉ ድረስ ይህ አላሳሰበንም።

ሥራ በገባሁ በጥቂት ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ መሪጌታ ጥበቡ ከስማዳ መጡ። መሪጌታ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገጠር የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉና ዜማ የሚያስተምሩ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሁለት ነገር አስጭነው ነበር። አንደኛው ጎንደር የተሣለ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ በሸራ ተጠቅልሎ። ሁለተኛው ተጠርቦ የተላገ የጥድ እንጨት።

"ይህ ጥድ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው" አሉ። "አያቶቻችን ከሥሩ የተቀመጡበት ዛፍ ነበር። ዐምና ነፋስ ጣለው። ምእመኑ ማገዶ አይሆንም፣ ለሥዕሉ ዙሪያ ይሁን አለ። ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል?"

አያ ደምሴ እንጨቱን አሸተቱት። "ይደርሳል፣ መሪጌታ" አሉ።

ማሽኑ ከዚያ በፊት ጥቂት ሳምንታት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ቢላዎቹን ከያዙት ብሎኖች የአንደኛው ጥርስ አልቆ፣ በጠበቀ ማግሥት ይላላል። ሮንዴላ የሚሉትን ስስ የብረት ቀለበት ጨመርንበት፣ ክር ጠቀለልንበት፤ ለስስ እንጨት ይበቃ ነበር። ወፍራም ጥድ ግን የላላ ቢላ ጠማማ ቆርጦ ይተወዋል። አያ ደምሴ በመካነ ኢየሱስ ያለውን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሁሉ ዞሩ። ደብረ ታቦር ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ባሕር ዳር ለሚሄድ ሹፌር ናሙናውን ሰጡት፤ እሱም ተመሳሳይ ነው ያሉትን አመጣ። በሚሊ ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ አያ ደምሴ እንቅልፍ እንዳጡ ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። አንድ ጠዋት ስገባ ያን ከባሕር ዳር የመጣውን ብሎን ቀዳዳው ላይ ተክለውታል። በጣታቸው ሁለቴ ዞረና ቆመ። አወጡት፣ ዘይት ቀቡት፣ መለሱት፤ እዚያው ቆመ። ከዚያ ቁልፉን አነሱ። ቁልፉ ላይ የቧንቧ ቁራጭ ሰክተው ክንዳቸውን አስረዘሙ።

"አያ ደምሴ" አልኩ።

"አየሁ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ለአንድ ፍሬም ብቻ ነው። ይህ ካለቀ እንፈታዋለን።"

ብሎኑ እየጮኸ ገባ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ማሽን ሰምቼ አላውቅም። ሲጠብቅ ግን ቢላው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የመጀመሪያው የጥድ ማዕዘን ሲቆረጥ ሱቁን የጥድ ሽታ ሞላው። በትንሽ በትንሹ እየነከስን ከአራቱ የፍሬም ዘንግ ሦስቱን ጨረስን። እኔ ጫፉን ይዤ እሳቸው ይረግጣሉ። የመጨረሻው ዘንግ ላይ ፔዳሉ ግማሽ እንደወረደ ጧ አለ። የብሎኑ ራስ ተቆርጦ ሄዶ ጣራውን መታ። ቢላው ዘመመና ከጊዛው ጋር ተላትሞ ጫፉ ረገፈ፤ ዘንጉም ከመካከሉ ተሰነጠቀ። የአያ ደምሴ ግራ እጅ እንጨቱ ላይ ነበር።

የሌባ ጣታቸው ጫፍ ተቆርጦ ሄደ። ነጠላዬን ቀድጄ አሠርኩላቸው፤ ጤና ጣቢያም ወሰድኳቸው። እዚያ ተሰፋላቸው። ስንመለስ የተሰነጠቀውን ጥድ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ስንጥቁን በደኅናው እጃቸው ዳበሱት።

"ጣቱስ የኔ ነው" አሉ። "እንጨቱ ግን የሰው አደራ ነበር።"

መሪጌታ ፍሬሙን ሊወስዱ ሲመጡ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። አያ ደምሴ ጥግ ላይ እጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ሰምተው ሲያበቁ መጀመሪያ የሄዱት ወደ እሳቸው ነው። የታሠረውን እጅ ይዘው አዩት።

"ያምዎታል?"

"መሪጌታ፣ አደራዎን በላሁ" አሉ አያ ደምሴ።

"ተዉ እንጂ። እግዚአብሔር ጣት ብቻ ወስዶ ስለተወዎት እናመስግን። ሥዕሉ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው።"

"እንግዲያ ለዘንድሮ እንዲሁ በሸራው ይሰቀላል። ሰው ቅር ይለዋል፤ እነግራቸዋለሁ።"

እንዲህ ቢሉም ፊታቸው ላይ ማዘናቸው ይታይ ነበር። ለሕዝቡ ቃል ገብተዋል። ሥዕሉን ጠቅልዬ ስሰጣቸው ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ካለው አሮጌ ብሎን ላይ አረፈ፤ ጥርሱ ያለቀው፣ የማሽኑ የራሱ ብሎን። አንስተው በጣታቸው ዳበሱት።

"ይህን ጥርስ አውቀዋለሁ" አሉ።

አያ ደምሴ ቀና አሉ። "ምን አሉ?"

"የኛ ደወል የተንጠለጠለው በእንዲህ ያለ ብሎን ነው። ሰፋ ያለ ጥርስ። ዳዶው ሲጠፋ ወገዳ ብንፈልግ ብንፈልግ የሚገጥም አጣን፤ በኋላ ከዚያው ከመጣበት ነው ያገኘነው። የወገዳው የካሴ አባት በሕይወት ሳሉ ከወፍጯቸው መለዋወጫ ሰጡን። የድሮ የእንግሊዝ ወፍጮ ነው፤ ካቆመ ቆይቷል።"

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አያ ደምሴ ከወንበራቸው ተነሡ።

እጃቸው ስላልዳነ ወደ ወገዳ የሄድኩት እኔ ነኝ። በዓሉ ካለፈ በኋላ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጋቢናው ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር ተጨናንቄ። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነበር። በየሜዳው አውድማ ላይ ገብስ እየተወቃ፣ በሬዎቹ ሲዞሩ ገለባው ሲነሣ እያየሁ ሄድኩ። በኪሴ አሮጌው ብሎን በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር መኖሩን በእጄ አረጋግጣለሁ።

አቶ ካሴ ከገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ጎልማሳ ናቸው። ወፍጮው ከቤታቸው ጀርባ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው የበሩን ቁልፍ አንሥተው አስገቡኝ። ወፍጮው አቧራ ለብሶ፣ ቀበቶው ተበጥሶ፣ ድንጋዩ ላይ የዶሮ ጎጆ ተሠርቶበት ቆሟል። አሮጌውን ብሎን ከኪሴ አውጥቼ ከወፍጮው ብሎኖች አጠገብ ያዝኩት። ልኩ ያው ነበር።

"አየሽው አይደል" አሉ። "አሁን እንግዲህ አልሰጥሽም ስልሽ እንዳትቀየሚኝ።"

"ለምን አቶ ካሴ?"

"አባቴ ይህን ወፍጮ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ነው ያመጣው። መንገድ አልነበረም። ከታች ጋይንት ሳይቀር አህያ እየነዱ ይመጡበት ነበር። በመብራት የሚሠራው ወፍጮ ሲመጣ ቆመ። አባቴ ሲሞት 'ካሴ፣ አደራ' አለኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ። ይህን ቤት የፈለጉት ሰዎች መጥተው፣ ብረቱን በኪሎ የሚገዙም መጥተው አልሸጥኩም። ዛሬ ብሎኑን ብፈታ ነገ ምን ይቀረኛል?"

ስለ አያ ደምሴ ጣት ነገርኳቸው፤ ስለ ጥዱና ስለ ሥዕሉም። አቶ ካሴ ለካ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኛ ኖረዋል፤ ሥዕሉ ያለ ፍሬም ተሰቅሎ አይተውታል።

"አዝናለሁ" አሉ። "ደግሞም ብትፈልጊም አይፈታ። ይህን ያህል ዘመን ዝጎ ተጣብቋል። ነይ ላሳይሽ፣ ባዶ እጅሽን ብትሄጂም ሞክረሽ ይሁን።"

ትልቅ ቁልፍ ይዘው መጡ። አንዱን ብሎን ጨበጡና በሙሉ ጉልበታቸው ሊገፉ እግራቸውን አስተካከሉ። ቁልፉ ገና ሲጫን ብሎኑ ዞረ። አቶ ካሴ ወደፊት ሊወድቁ ነበር። ቆም ብለው አዩት። ቁልፉን ትተው በጣታቸው ያዙት፤ በጣታቸው እየዞረ ወጣ። ከአቧራው በታች ጥርሱ ሁሉ ሞራ ተቀብቶ ነበር፤ ሞራው ደርቆ ቢጫ ሆኗል እንጂ ብረቱ አዲስ ነው የሚመስለው። ሌላውን ሞከሩ። እሱም እንዲሁ። ሦስተኛውም።

"ማነው ሞራ የቀባው?" አልኳቸው።

አቶ ካሴ ብሎኑን መዳፋቸው ላይ ይዘው ወደ በሩ ወጡ። ተከትዬ ልውጣ አልወጣ ስል ቆይቼ ወጣሁ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ከአባቴ በቀር የዚህን ቤት ቁልፍ የያዘ አልነበረም" አሉ። "ከቆመ በኋላ በየጊዜው እዚህ ይገባ ነበር። ምን ይሠራል እያልን እንሥቅበት ነበር፣ ከድንጋዩ ጋር ያወራል እያልን። ለካ አንድ ባንድ እየፈታ ሲቀባ ነው።" ብሎኑን በጣታቸው አዞሩና፣ "ዝም ብሎ እንዲበሰብስ ቢፈልግ ኖሮ ይህን ሁሉ ምን አደከመው?" አሉ።

እሳቸው ገብተው የሚያስፈልገኝን ፈቱ፤ አንድ ትርፍም ጨመሩ። ምን ልክፈል ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "ሲሠራ መልእክት ላኪብኝ፤ ሠራ ብለሽ ብቻ ላኪብኝ" አሉ።

የቀረው ሥራ የሱቃችን ነበር። የተሰበረው የሚሊ ብሎን ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። አያ ደምሴ አንድ እጃቸው ስለማይሠራ ከጎኔ ቆመው ይነግሩኛል፤ እኔ እሠራለሁ። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ መካከሉን በሳሁት፤ ጠርዝ ያለው ብረት ውስጡ ተክዬ በመዶሻ መታሁና ወደ ግራ አዙሬ ጎትቼ አወጣሁት። ይህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ከቀዳዳው አፍ አጠገብ ያለው ጥርስ በግዴታ በገባው ብሎን ተበልቷል፤ ወደ ውስጥ ያለው ግን ደኅና ነው።

"ትርፉን ብሎን አምጪው" አሉ አያ ደምሴ። "ሞርሳው ላይ እሰሪውና በሞረድ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሦስት ቦታ ቦይ አውጪለት።"

"ብሎኑ አይበላሽም?"

"ይበላሻል። ግን ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ ይሆናል።"

ሞረድኩት። ከሰል ላይ እስኪቀላ አግለን ዘይት ውስጥ ነከርነው፤ ጢሱ ሱቁን ሞላው። ከዚያ ያን ቦይ ያለው ብሎን ቀዳዳው ላይ ተክዬ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያልኩ አስገባሁት። የተበላው ብረት በቦዩ ውስጥ እንደ ዱቄት እየሆነ ወጣ። በላባ ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ የወፍጮውን ብሎን ተከልኩ። በሁለት ጣቴ ስይዘው እስከ መጨረሻው ዞሮ ገባ። አያ ደምሴ አላዩትም፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ሲያልቅ፣ "በይ አጥብቂው" አሉ።

ቢላውን ስለን ጫፉን አሳጠርነው። መሪጌታ ለደወሉ መስቀያ ብለው ካስቀሩት የዚያው ጥድ ግንድ አዲስ ዘንግ አስጠርበው ላኩ። ፔዳሉን እንዲረግጡ አያ ደምሴን ጋበዝኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ" አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ያን ማሽን አልረገጡም። መስታወቱን ግን አልተዉም፤ በዘጠኝ ጣትና በግማሽ ከማንም አሳምረው ይቆርጡ ነበር።

ፍሬሙ ሲያልቅ አብረን ወደ ስማዳ ሄድን። ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሲሰቀል ምእመኑ ቆሞ አየ። አንዲት አሮጊት ቀርበው ሥዕሉን ከተሳለሙ በኋላ እንጨቱንም በእጃቸው ዳበሱት፤ ዛፉን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። አቶ ካሴ ከወንዶቹ መካከል ነበሩ። ወደ እኔ መጥተው፣ "አልላክሽብኝም" አሉ።

"ራሴ ይዤው መጣሁ" አልኳቸው። ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልበለው። ለጥቂት ዓመታት አርብ ገበያ ቅርንጫፍ ከፍተን እኔ እዚያ ሠራሁ። አርብ አርብ ገበሬው የልጁን የምርቃት ፎቶ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከዶሮውና ከሽንኩርቱ ጋር ይዞ ይመጣ ነበር። እዚያ ትዕግሥትን አገኘኋት፤ ባሏ ሞቶባት ሥራ የምትፈልግ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት። መስታወት አስተማርኳት፣ ከዚያ ማዕዘን። አያ ደምሴ ሲደክሙ ቅርንጫፉን ለሷ ትቼ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመለስኩ። እሳቸው በሰላም፣ በቤታቸው ዐረፉ፤ ሱቁንም ልጆቻቸው ባሕር ዳር ስለነበሩ ለኔ አከራዩኝ።

ሥራው ቀስ በቀስ ተለወጠ። የፕላስቲክ ፍሬም ተዘጋጅቶ መጣ። ፎቶው ስልክ ውስጥ ቀረ። የሠርግ ፎቶ የሚያህል ነገር በባነር ይታተማል። አላማረርኩም፤ ሰው የሚወደውን ፊት የሚያይበት መንገድ ካገኘ ደስ ይላል። የሚመጡት ግን የባሰባቸው ናቸው፤ አሮጌ፣ የተቀደደ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ፎቶ ይዘው። ለነሱ ስል እስከቻልኩት ቆየሁ። ጉልበቴ ሲያቅተኝ ማሽኑን ለትዕግሥት ሰጠኋት። ባለፈው ስትደውልልኝ ከጀርባዋ ቢላው ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። "አንዴ ያዢ እትዬ፣ ይህችን ልጨርስ" አለችኝ፤ ያዝኩ።

ሱቁን አሁን የስልክ ጥገና የሚሠራ ሀብታሙ የሚባል ወጣት ተከራይቶታል። እዚያ አካባቢ ጉዳይ አልነበረኝም፤ አንድ ማክሰኞ ግን ከቤት ስወጣ እግሬ እንደ ልማዱ ወሰደኝና በሩ ላይ ደረስኩ። ልጁ ወንበር አወጣልኝ። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፣ መደርደሪያው መስታወት ሆኗል። ወለሉ ላይ ማሽኑ ከሲሚንቶው ጋር ታስሮበት የነበረው አራት ጉድጓድ አሁንም አለ። ካርቶን አልብሶታል።

"ልደፍነው ነበር፣ ግን እርስዎን ሳልጠይቅ ከበደኝ" አለ። "ዓመታት የሠሩበት ቦታ ነው ሲሉኝ።"

"ምን ትጠይቀኛለህ፣ ቤቱ አሁን ያንተ ነው። ሰው ይሰናከልበታል፤ ድፈነው" አልኩት።

ከጀርባ አሸዋና ሲሚንቶ በባልዲ አመጣ። ውኃ አብዝቶበት ነበር፤ አሸዋ ጨምር አልኩት። ሲያቦካው አየሁና አላስቻለኝም። ዝቅ ያለች በርጩማ አስመጥቼ፣ ጉልበቴን ወደ ጎን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እሱ በማንኪያ ያቀብለኛል፣ እኔ እደፍናለሁ። የመጀመሪያው ላይ እጄ ትንሽ ቆየ። ሁለተኛው ቀለለኝ። ሦስተኛውን ስደፍን ሀብታሙ ስለ እናቱ ያጫውተኝ ነበር፤ እናቱ ከኔ ያሠራችው የአባቱ ፎቶ ዛሬም ቤታቸው ተሰቅሏል።

"አባትህ ማን ይባሉ ነበር?" አልኩት።

"መኳንንት።"

"መኳንንት" አልኩ፣ የመጨረሻውን በመዳፌ እያስተካከልኩ።

ስልክ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ሀብታሙ እጁን ዘርግቶ፣ "በዚያ በኩል ዙረው ይግቡ፣ ሲሚንቶው አልደረቀም" አለው። ሰውየው ዞሮ ገባ። እኔም እጄን ታጥቤ፣ ልጁ ደግፎ አስነሥቶኝ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።